ግድግዳ ስፍቅ የተያዝኩበት ሌሊት

ነገሩ ሁሉ የመጣው ሐጂ "ያላደርኩበትን ቤት አልሠራም" ካሉ በኋላ ነው። ጨርቅ ሊገዙ ከሃያ ዓመት በላይ ኢስታንቡል ሲመላለሱ ከላሌሊ ሰፈር ርካሽ ማደሪያዎች ወጥተው አያውቁም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ግን ከቦስፎረስ ዳር፣ የድሮ የፓሻ መኖሪያዎች ታድሰው በተከፈተ ሆቴል አንድ ሌሊት እንድናድር ወሰኑ። የሌሊቱ ዋጋ ሲነገራቸው "ይኼ የማደሪያው ነው ወይስ የመግዣው?" ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ ከፈሉ። እኔን ይዘው የሄዱት ለሽርሽር አልነበረም። ደሴ ላይ፣ ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣ የአያታቸውን ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ እየለወጥን ነበር፤ የሥራው ፎርማን እኔ ነኝ።

ቤቱ በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ ሐጂ። ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ የግድግዳው ውፍረት ከክንድ ተኩል የሚያልፍ፣ ከፊቱ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ላዩን ቆርቆሮ የለበሰ። ውስጡ በጭድና በጭቃ ተመርጎ ነጭ አፈር ተቀብቷል። እኔ ደግሞ ሙያዬን የተማርኩት ኮምቦልቻ፣ በብሎኬትና በኮንክሪት ሕንፃ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ አላት፤ የዛሬ ልስን ነገ ይደርቃል። ደሴ ከእሷ ብትርቅ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ናት፤ ግን መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ሲደርሱም የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ይጠብቃል። ክረምት ከገባ የታጠበ ጋቢ እንኳ ሳምንት ሙሉ ይረጥባል። ይህን ልዩነት በቆዳዬ አውቀው ነበር፤ በልስን ማንኪያዬ ግን አላወቅሁትም።

በጥር የድሮውን ምርጊት ገፈን አወረድነው። ርጭት መታን፣ ሲሚንቶና አሸዋ አንድ ለሦስት ደባልቀን ለሰንን፣ ቀለም ቀባን። ቱንቢ ቢጣልበት የሚያሳፍር አልነበረም። ሐጂ እጃቸውን አሳርፈውበት "ማሻ አላህ፣ ብርጭቆ አስመሰልከው" አሉኝ። እኔም እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

በሐምሌ አጋማሽ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የጠቆረ መስመር ታየ። በነሐሴ መስመሩ ወገብ ደረሰ። ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ፤ ሲያፈርጡት ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ቀምሼዋለሁ፤ ጨው ጨው ይላል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ገንቦ የሚያንኳኩ ይመስላል። ከዚያ ጳጉሜን 3 ቀን ጠዋት ምጣድ የሚያህል ልስን ከነቀለሙ ተገንጥሎ፣ የቀን ሠራተኞቹ ቡና በሚጠጡበት ጥግ ወደቀና ስኒዎቹን አደቀቀ። ቶናውን ጠጥተው ከተነሡ አምስት ደቂቃ አይሆንም። በረካውን ሳይጠብቁ በቁጣ ወደ ሥራ የመለስኳቸው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን "ቁጣህ አተረፈን" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐጂ መጥተው "ምንድን ነው ይኼ?" ሲሉኝ ለማሰብ ጊዜ አልወሰድኩም። "ጣሪያው ነው፣ ሐጂ። አሸንዳው ውሃውን ወደ ግድግዳ እየመለሰው ነው" አልኩ። ቆርቆሮውንና አሸንዳውን የሠሩት ከሰኞ ገበያ የመጡ ሽማግሌ ሙያተኛ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ተጠርተው መጡ። ግድግዳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ውሃ በባልዲ አቀብለኝና እኔ ላፍስሰው። አንተ ከታች ሆነህ እይ" አሉኝ። "ጊዜ የለኝም" አልኳቸው። የቀረው ግማሽ ክፍያቸው ተያዘ። ሄዱ።

አሁን ሳስበው ጣሪያው ቢያፈስ ኖሮ እርጥበቱ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚወርደው። የእኛ ግድግዳ የረጠበው ከታች ወደ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ፎርማን መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ዓይኔ ግን በዚያን ሰሞን ሥራዬን ለማየት ፈቃደኛ አልነበረም።

ወደ ኢስታንቡሉ ልመለስ። ቦስፎረስ ጥቁር ባሕርን ከማርማራ የሚያገናኝ፣ ርዝመቱ ወደ 31 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የባሕር መተላለፊያ ነው፤ ከሁሉ በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 700 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በግራም በቀኝም የድሮ ባለሥልጣናትና ባለጸጎች በውሃው ጠርዝ ላይ የሠሯቸው ቤቶች ተደርድረዋል። ቱርኮች እንዲህ ያለውን ቤት "ያሊ" ይሉታል። የክፍላችን መስኮት ከወለል እስከ ጣሪያ ነው፤ መርከቦቹ በጣም ቀርበው ስለሚያልፉ ሐጂ ሱሪያቸውን ሊቀይሩ ሲሉ መጋረጃውን ዘጉ። አልጋው፣ የእብነ በረዱ መታጠቢያ፣ ከቡናው ጋር የመጣው ጣፋጭ፣ ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ ያየሁት ግድግዳ ነው። ከባሕሩ እስከ ሕንፃው እግር አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ዓመቱን ሙሉ ጨዋማ ነፋስ ይመታዋል። ግን አንድም ቦታ ቀለሙ አላበጠም።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐጂ ሲያንኮራፉ ቀስ ብዬ ወጣሁና ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ፤ የድሮው ክፍል እዚያ ነው ብለውን ነበር። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። መዳፌን ከግድግዳው እግር ሥር አሳረፍኩ፤ ይቀዘቅዛል፣ አይረጥብም። አንኳኳሁ፤ ድፍን ነው። አሸተትኩት። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም። ቀጥሎ ግን ከኪሴ ሳንቲም አወጣሁና፣ ከአንድ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ፋቅሁ። ከነጩ ቀለም ሥር የወጣው ዱቄት ሮዝ ነበር። ሲሚንቶ ሮዝ አይሆንም። ዱቄቱን በጣቴ እያሸሁ ጣሪያውን ስቃኝ ካሜራው ቁልቁል ያየኛል።

ጥበቃው ሲመጣ ጫማው ድምፅ አልነበረውም። እኔ ቱርክኛ አልችልም፤ እሱ አማርኛ አይችልም። ሳንቲሙን አሳየሁት፣ ግድግዳውን አሳየሁት፣ ነገሩ ባሰ። የሌሊቱ ተረኛ ኃላፊ ክፍላችን ደውሎ ሐጂን አስነሣቸው። ሽርጥ ታጥቀው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ የሆቴሉን ነጭ ነጠላ ጫማ አጥልቀው፣ በዚያ ሁሉ እብነ በረድ መሐል ሲወርዱ አየኋቸው። በገበያ ቱርክኛቸው ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከመሐሉ የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ወደ እኔ እየጠቆሙ "ኡስታ፣ ኡስታ" ይላሉ። ሙያተኛ ማለት ነው። ተረኛው ሳቀና የሆነ ነገር ጻፈ። ሐጂ ወደ ክፍላችን ስንመለስ አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፤ "እኔ ሌባ ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ላብ በላብ ሆንኩ።"

ጠዋት ሱብሒ ሰግደው ሲጨርሱ ተደወለ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው፣ ግድግዳ የፋቀውን ኡስታ ማየት ፈልገዋል። ያስከፍሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሌላ ኮሪደር ወሰዱንና በግድግዳው ላይ ክንድ በክንድ የሆነ፣ በመስታወት የተሸፈነ ክፍት ቦታ አሳዩን። ሳይለሰን ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ድንጋዩ፣ ጡቡ፣ የመጀመሪያው ልስን፣ ሁለተኛው፣ የላይኛው ስስ ኖራ፣ ሁሉም እንደ እንጀራ ተደራርቦ ይታያል። ሮዙ ነገር ኖራ ነው፤ ከተፈጨ ሸክላ ጋር የተደባለቀ። "ሆራሳን" ይሉታል። ከሸክላ ዱቄት ጋር የተቦካ ኖራ እርጥበት ባለበትም ይጠነክራል፤ እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 የተሠራችው የኢስታንቡሏ ዝነኛ ቤተ እምነት አያሶፊያ የቆመችውም ኖራና የሸክላ ዱቄት በተቀላቀለበት ማያያዣ ነው።

ሐጂ እያስተረጎሙልኝ የእኛን ግድግዳ ታሪክ ነገርኳቸው። ርጭቱን፣ አንድ ለሦስቱን፣ ነጩን ዱቄት። ሰውዬው "ቺሜንቶ?" አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ መዳፋቸውን በአፋቸው ላይ ከደኑና በአፍንጫቸው አየር እየሳቡ "ዱቫር ነፈስ አልማሊ" አሉኝ። ሐጂ ለመተርጎም አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን አነሣሁ። ነፈስ። ይኼስ ገብቶኛል። ግድግዳ መተንፈስ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል፤ ይህን መከልከል ከባድ ነው። ድሮ ግን የሳበውን በምርጊቱ በኩል መልሶ ለአየር ይሰጥ ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ደፈነበት። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ወጣ፤ ሲወጣ የድንጋዩንና የአፈሩን ጨው ይዞ ከልስኑ ጀርባ አጠራቀመ፤ ጨው ደግሞ ሲደርቅ ያብጣል፣ ልስኑንም ይገፋዋል። የባሰው ከውስጥ ነው፤ ድንጋዩን ያያዘው ጭቃ ለስልሶ መፍሰስ ይጀምራል። እኔ ብርጭቆ ያስመሰልኩት ግድግዳ ከውስጡ እየቦካ ነበር። ይህን ከቱርክ መማር አልነበረብኝም። ጎንደር ቅርባችን ናት፤ በፋሲል ግቢ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና በኋላ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል።

የጥገናው ኃላፊ ከዚያ በኋላ ወደ ሰገነቱ ወጥተው ባሕሩን ማዶ ለማዶ አሳዩን። ብዙዎቹ ያሊዎች ላያቸው እንጨት ይሁን እንጂ ውስጣቸው ኮንክሪት ነው፤ አሮጌው ተቃጥሎ ወይም ፈርሶ፣ መልኩ ተጠብቆ እንደገና የተገነባ። በቦስፎረስ ዳር መገንባትን የሚገድብ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጥቷል፤ የቅርስ ቤቶቹ የውጭ መልካቸው እንዲጠበቅ ይገደዳሉ። ዛሬ ስመ ጥር ሆቴል የሆነው የቺራን ቤተ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1910 ተቃጥሎ ለአሥርት ዓመታት ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ አደጋው ከባሕሩ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የጭነት መርከብ መቆጣጠር ተስኖት የሐኪምባሺ ሳሊህ ኤፈንዲን ያሊ ገጭቶ ሰባብሮታል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ በሌሊት ወደ መስኮታችን የቀረቡትን መርከቦች አስበው መሰለኝ "አልሐምዱሊላህ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የከፈልኩት" አሉ።

እኔ ግን ሐሳቤ ሰኞ ገበያ፣ ጋሼ ዘንድ ነበር። የጥገናው ኃላፊ ስለ እርጥበቱ መስመር ሲጠይቁኝ "ከታች ወደ ላይ" ብዬ በገዛ አፌ መልሻለሁ፤ ሐጂም ራሳቸው ተርጉመውታል። ያስተዋሉት አልመሰለኝም ነበር። ከኢስታንቡል ስንነሣ ዝም አልኩ። ምግብ ሲመጣ ዝም አልኩ። አዲስ አበባ ልናርፍ ስንል "ሐጂ፣ የጣሪያው ነገር" አልኩ።

"የሰውዬውን ቱርክኛ አስተርጉሜልህ የለ?" አሉኝ፣ ቀበቷቸውን እያሰሩ። "እስክትናገር ነው የጠበቅሁህ።"

ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ለማውረድ ወር ፈጀ፤ የለሰንነው በአሥር ቀን ነበር። ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀው ሲነቀል ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ጉድጓድ ቆፍረን ኖራውን ውሃ አጠጣነው፤ ሲፈላ ያዩ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየቆሙ ያዩ ነበር። ሳምንታት አስተኛነው። የተሰባበረ ጡብ በሙቀጫ አስወቀጥን፣ ነፋነው። በስስ በስሱ፣ አንዱ ሲጠጥር ሌላውን ደረብን። ወጪው ከማን ኪስ እንደወጣ አትጠይቁኝ፤ ግማሹ ከእኔ ነው።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ገንዘባቸውን በፖስታ ይዤ ነው። ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ አገኘኋቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ፖስታውን ተቀበሉ፣ ቆጠሩ፣ ከደረት ኪሳቸው ከተቱ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁም አላሉ፣ አላደረግኩምም አላሉ። ነጠላቸውን አጣፉና ቤቱ ድረስ አብረውኝ መጡ። መሰላሉን ራሳቸው አቆሙ፣ ወጡ፣ ከጣሪያው ጫፍ ተቀምጠው ቁልቁል አዩኝ።

"በል፣ ውሃ አቀብለኝ።"

አንድ ባልዲ ሞልቼ ተሸክሜ ወጣሁ። አፈሰሱት። ውሃው ቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ አሸንዳው ውስጥ ገባ፤ በቱቦው ወርዶ ከታች ቦዩ ውስጥ ተንዶቀዶቀ። ግድግዳውን አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

"አየህ?"

"አየሁ፣ ጋሼ።"

"በዚያኛው በኩልስ? ጨምር።"

ሰባት ባልዲ አመላለሱኝ።