«ሰነፈችብኝ» የተባለችው አህያ

ከተመረቅሁ ብዙም ሳይቆይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አንድ አዛውንት ገበሬ አህያቸውን እየጎተቱ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡና «ዶክተር፣ ሰነፈችብኝ» አሉኝ። አህያዋ አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዎቿን ወደ ጎን ጥላ ቆማለች። የሆድ ቁርጠትን የተማርኩት በፈረስ ነበርና፣ መሬት የማይጭር፣ የማይንከባለል፣ ጎኑን ዞሮ የማያይ እንስሳ ሆዱን ታሟል ብዬ አላሰብኩም። ድርቆሽ ሲቀርብላት አፏን ስትከት አይቼ «ትበላለች እኮ፣ አባቴ» አልኳቸውና ቫይታሚን ወግቼ ሸኘኋት። በማግስቱ አዛውንቱ ብቻቸውን ተመለሱ።

ያን ቀን ያላስተዋልኩት፣ አፏ ይንቀሳቀስ እንጂ የሚወርድ ነገር እንዳልነበረ ነው። የታመመች አህያ ድርቆሹ ውስጥ አፏን ከትታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ምንም ሳትውጥ የምትበላ ልትመስል ትችላለች። ይህን የሚለየው ቆም ብሎ የሚያይ ሰው ብቻ ነው፦ ጉንጯ በእርግጥ ያኝካል? በጉሮሮዋ የሚወርድ ነገር ይታያል? ድርቆሹስ ጎድሏል? ቴርሞሜትሩም ቢሆን ያለ ዕውቀት ያሳስታል፤ የጤነኛ አህያ ሙቀት በአማካይ 37.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ 38.2 የደረሰች አህያ በፈረስ ልክ ስትመዘን ጤነኛ ትባላለች።

ጊዜውም አጭር ነው። አህያ መብላት ስታቆም፣ በተለይ ወፍራም ወይም እርጉዝ ከሆነች፣ በሰውነቷ የተከማቸው ስብ ወደ ደሟ እየጎረፈ ጉበቷንና ኩላሊቷን ይጎዳል። ይህ መዘዝ ሕመም ባይኖርባትም አብራት ከምትውል ጓደኛዋ በመለየቷ ብቻ ምግብ ስታቆም ሊመጣ ይችላል። ተረቱ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ቢልም፣ እኔ ግን አህያ ለሕክምና ሲያስተኙብኝ ጓደኛዋም አብራ እንድትመጣ እጠይቃለሁ፤ የሚስቁብኝ አሉ።

አሁን ከመርፌ በፊት የማቀርበው ጥያቄ «ምን ሆነች?» ሳይሆን «ትናንት ታደርግ የነበረውን ዛሬ ምን ተወች?» የሚል ነው። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ገንዘብ የሚከፍለው ባለቤት ሳይሆን አህያዋን ይዞ ውሃ የሚወርደው ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ አንዲት እናት «ትንሽ ደክሟት ነው» ያሏትን አህያ አምጥተው ሳለ፣ ከኋላቸው የቆመውን ልጃቸውን ጠየቅሁት። ልጁ አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አመድ ላይ አልተንከባለለችም፤ ዛሬ ደግሞ ውሃውን አሽትታ ተመለሰች» አለኝ። ማዳመጫዬን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ፤ በቀኝም በግራም የአንጀቷ ድምፅ አልነበረም።