ከካሜራው በፊት የቆርቆሮ አጥሩን

ጎንደር ግቢ ውስጥ የሚነሳ የወፍ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ካሜራው አንሶ አይደለም፤ ከወፏ ጀርባ ባለው ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ ያንጸባርቃል። ካሜራው ያንን ብርሃን መዝኖ ፎቶውን ያጨልመዋል፣ ወፏም ጥቁር ጥላ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ሌላ ሌንስ ከመመኘት በፊት ከጓሮው አንድ ጥግ መርጦ ማሰናዳት ይሻላል። ጌሾ ወይም ቡና ካለ ጀርባው እሱ ይሁን፤ ከሌለ ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ አጥሩ ላይ ይሰቀል። ወፏ በምታርፍበት ቦታና በጀርባው መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ይተዉ፣ ያኔ ጀርባው ይደበዝዛል። የልብስ ማስጫ ገመዱ ግን ቢደበዝዝም መስመሩ አይጠፋም፤ አስቀድመው ይፍቱት።

ወፎቹን ወደዚያ ጥግ የሚጠራው ውሃ ነው፣ ይበልጡን በበጋ ምድሩ ሲደርቅ። የሸክላ ሳህን ወይም ጎድጎድ ያለ ገል ይበቃል። የውሃው ጥልቀት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ድንቢጥ ከዚያ በላይ በሆነ ውሃ ገላዋን መታጠብ ትፈራለች። መሃሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ ያስቀምጡ። ውሃውን በየ2 ቀኑ ይለውጡ፤ የትንኝ እንቁላል አድጎ እስኪበር ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ በዚህ ዑደቱ ይቋረጣል። ሳህኑ ከቁጥቋጦ 2 ሜትር ያህል ይራቅ። ከተጠጋ ድመት ታደባለች፣ በጣም ከራቀ ደግሞ ወፎቹ መሸሻ አጥተው አይወርዱም። ከሳህኑ አጠገብ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ይትከሉ። ወፎች ውሃው ላይ ከመውረዳቸው በፊት እዚያ አርፈው ዙሪያውን ይቃኛሉ፣ ደህናው ፎቶም የሚገኘው ከዚያው ነው። ፎከሱን (ካሜራው አጥርቶ የሚያይበትን ርቀት) ቀድመው ቅርንጫፉ ላይ ይቆልፉት።

ጎንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ላይ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች። ቀትር የምንለውም በሰዓታችን 6 ተኩል ገደማ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የወፏ ዓይን በጥላ ይሸፈናል፣ ነጭ ነገር ሁሉ ደግሞ ይቃጠላል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው፣ የፋሲል ግንብ ላይ የምናያት ባለነጭ አንገት ርግብ በዚህ ሰዓት ስትነሳ የአንገቷ ዝርዝር ይጠፋል። ካሜራው ላይ ያለውን የብርሃን መጠን ማስተካከያ በአንድ እርከን ዝቅ ያድርጉ፤ በስልክ ከሆነ ወፏ ላይ ጣትዎን ተጭነው ያቆዩና ወደ ታች ይሳቡ። አበባና ነፍሳት ለማንሳት ግን በቀትርም መፍትሔ አለ፦ ነጠላ። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ከአበባው በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሲወጥረው ጥላው ይለሰልሳል። ለዚህ ከተገዛ ዕቃ በምንም አያንስም።

ራስ ክምር ግቢ ውስጥ ካለ የሥራው ግማሽ አለቀ። ክረምት ሲወጣ ብርቱካንማው አበባ ሲፈነዳ አበባ ቀሳሚዎቹ ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ፤ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የመጣው ታካዜ ሰንበርድም በደጋው አለች። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ወይን ጠጅ የሚመስለው ቀለሙ የሚታየው ብርሃን ላባው ላይ ሲነጥር ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሁን። የሹተር ፍጥነት (የካሜራው መስኮት ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) ከ1/1000 ሰከንድ አይውረድ፣ አይኤስኦ (የካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅም) 800 ወይም 1600 ቢሆን አይፍሩ። በዚህ ምክንያት ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይስተካከላል፣ የተንቀሳቀሰ ግን አይድንም። ስልክ ብቻ ያለው ሰው ዙሙን ከመለጠጥ ይልቅ ስልኩን ከአበባው አንድ ሜትር ላይ ድንጋይ አስደግፎ በ4ኬ (በከፍተኛ ጥራት) ቪዲዮ ይቅረጽና ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ፍሬም 8 ሜጋፒክስል ያህል ፎቶ ይወጣል።

ሎሚ ዛፍ ላይ ደግሞ ቅጠሉን ገልበጥ ገልበጥ ያድርጉ። የአንዷ ትልቅ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ገና ትንሽ ሳለ ቁርጥ የወፍ ኩስ ነው የሚመስለው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነካ ከአንገቱ ባለሁለት ቅርንጫፍ ቀይ ነገር አውጥቶ ይሸታል። እንዲህ ቀርበው ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፎከሱ ጭንቅላቱ ላይ ይረፍ፣ ገላው በጎን በኩል ከሌንሱ ጋር ትይዩ ይሁን፣ አፐርቸሩም (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 ወይም 11። ነፋስ ካስቸገረ ቅርንጫፉን መሬት ላይ ከተተከለ ዱላ ጋር በልብስ መቆንጠጫ ያያይዙት። እስስት ለማግኘት በቀን አይልፉ። ማታ በባትሪ ቁጥቋጦውን ሲቃኙ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ ነጣ ብላ ትታያለች፤ ቦታዋን ልብ ይበሉና ሳይቀሰቅሷት ማለዳ ይመለሱ።

ክረምት ላይ ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። በሌንስ ውስጥ ሻጋታ ከበቀለ ማስጠረጊያው ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ካሜራውን በደንብ በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚወጡት እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች 5 ወይም 6 ጨምረው ያስቀምጡ። ሩዝ አይሆንም፣ ዱቄቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። የቆዳ ቦርሳው ራሱ እርጥበት ይይዛል፤ ለመሸከሚያ እንጂ ለማስቀመጫ አይጠቀሙበት።

ያነሱትን ነፍሳት ስም ለማወቅ ኢናቹራሊስት (የተፈጥሮ ፎቶ እያዩ ስም የሚለዩበት ድረ ገጽ) ላይ ሲያስገቡ ከጀርባም ከጎንም የተነሳ ፎቶ፣ አባጨጓሬ ከሆነ ደግሞ የሚበላው ተክል ቅጠል አብሮ ይግባ፤ ያለ ቅጠሉ ብዙዎቹን መለየት አይቻልም። ፎቶው የተነሳው ቤትዎ ስለሆነ ትክክለኛው ቦታ እንዳይታይ የሚያደርገውን ምርጫ ከመላክዎ በፊት ያብሩት።