የአርሴናል ምርጥ ቴስታ ገጪ ማን ነው? ክርክሩን ሐዋሳ ላይ እንዴት እንዳስኬድኩት

ሐዋሳ ውስጥ በየትኛውም ዲኤስቲቪ ቤት "በአርሴናል ታሪክ በቴስታ ማን ይበልጣል?" ብለህ ብትጠይቅ አሸናፊው ጮክ ብሎ የተናገረው ነው። ክርክሩን እኔ ስመራው መጀመሪያ ያስተካከልኩት ድምፁን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። ሰው ምርጥ ገጪ ሲባል ትዝ የሚለው ሰውየው ሳይሆን ጎሉ ነው። ሶል ካምቤል ዘወትር የሚጠራው በፈረንጆቹ 2006 ፓሪስ ላይ በተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎና ላይ በ37ኛው ደቂቃ ስላገባ ነው። ጎሉ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ሥራ ቅጣት ምቱን ያሻማው የኦንሪ ነው። ጎሉን ከገጪው ካልለየህ የምታወዳድረው ዋንጫና ዋንጫ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከ20 ነጥብ የሚሞላ ወረቀት አዘጋጀሁ። አምስቱ ለአካሄዱ (ወደ ኳሷ ለሚያደርገው ሩጫ)፣ አምስቱ ለዝላዩ፣ አምስቱ ለንክኪው፣ አምስቱ ደግሞ ከራስ ቡድን ጎል አካባቢ ኳስ ለማጽዳት። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስቷል፤ "ተከላካይ ሁልጊዜ ይገጫል፣ ታዲያ ምን ይደንቃል?" የሚል አይጠፋም። የሚያስደንቀው ኳሷ የምትሄድበት ነው። ከአሥራ ስድስት ከሃምሳ (ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል) ወጥታ ወደ መስመር የሄደች ሙሉ ነጥብ ታሰጣለች። ወጥታም መሃል ሜዳ ላይ ተጋጣሚ እግር ሥር የወደቀች ግን ተመልሳ ስለምትመጣ ከሁለት በላይ አልሰጠኋትም። ይህን በቁራጭ ቪዲዮ ማየት አይቻልም። ሙሉ ጨዋታ ያስፈልጋል። ለተከላካዮቹ ለቶኒ አዳምስና ለስቲቭ ቦልድ የተጠቀምኩት የ1994ቱን የካፕ ዊነርስ ካፕ ፍጻሜ ነው፤ ዞላ፣ አስፕሪላና ብሮሊን የተሰለፉበትን ፓርማን አርሴናል 1 ለ 0 ያሸነፈበትን።

ቁራጮቹ 12 ነበሩ፤ ኮረንቲ ቢጠፋ ኔትዎርክ አብሮ እንዳይገድለን ቀድሜ ፍላሽ ላይ ጫንኳቸው። ትልቁ ችግር እዚህ ነው ያለው። ስልክ ላይ የሚዞሩት ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ኳሷ አየር ላይ ከወጣች በኋላ ነው፤ የገጪው ሥራ ግን ያኔ አልቋል። ኳሷ ከመመታቷ ቢያንስ ስድስት ሰከንድ በፊት ያልጀመረ ቁራጭ አልቀበልም። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አሳየሁ፤ በሙሉ ፍጥነት፣ በግማሽ ፍጥነት፣ ከዚያ ኳሷ ግንባር በነካችበት ቅጽበት አቁሜ። መጀመሪያ በሩብ ፍጥነት ማሳየት ስህተት ነው፤ ሁሉም ሰው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ የዝላይ ዓምድ በሙሉ አምስት ይሆናል። ዝላይ የሚለካው ከመሬት አይደለም። የገጪው ግንባር ከያዘው ተከላካይ ራስ ጋር ሲነጻጸር የት እንደደረሰ ነው የሚታየው። አጥቂው ዥሩ 1 ሜትር ከ90 ስለሚያልፍ ብቻ ነጥብ አያገኝም።

ተሳታፊው ጎዶሎ ቁጥር ይሁን፤ እኛ ዘጠኝ ነበርን። ቀኑ ጨዋታ የሌለበት ማክሰኞ ነበር፣ ቅዳሜ ቢሆን የዕለቱ ጎል ያሸንፋል። ሁሉም መጀመሪያ ወረቀቱን ይሞላል፣ ከዚያ ይናገራል፤ ንግግሩም ከታናሽ ይጀምራል። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ መጨረሻ ነዎት" ማለት ይከብዳል፤ ግን ታላቅ ቀድሞ ከተናገረ የወጣቶቹ ወረቀት ሁሉ የእሳቸው ግልባጭ ነው።

በጣም ያከራከረው ቁራጭ ሜይ 26 ቀን 1989 አንፊልድ ላይ አላን ስሚዝ ያገባው ነው። አርሴናል ሊጉን ለመውሰድ ሊቨርፑልን በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት። በ52ኛው ደቂቃ ዊንተርበርን ቅጣት ምት አሻማ። ቅጣት ምቱ ቀጥተኛ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሳይነካት መረቡን ብትመታ ጎል ሳይሆን የግብ ምት ነው የሚሆነው። ስሚዝ ኳሷን አልገጫትም ማለት ይቻላል፣ ዳሰሳት እንጂ። አቅጣጫዋ የተቀየረው በጥቂቱ ነው። የሊቨርፑል ተጫዋቾች ዳኛውን ከበቡት፣ ዳኛው ሄዶ የመስመር ዳኛውን አነጋገረ፣ ጎሉ ጸደቀ። እኛ ቤት አንዱ "ይሄ ምን ቴስታ ነው፣ ፀጉሩን ነው የነካችው" ብሎ ለንክኪ አንድ ሰጠ። እኔ አምስት ሰጠሁ። በኃይል ቢገጫት በረኛው ግሮበላር ዘንድ ትሄድ ነበር። ፍጥነቷን ሳይሰርቅ መንገዷን ብቻ መቀየሩ ነው ጥበቡ። ያን ዓመት በ23 ጎል የሊጉ ከፍተኛ አግቢ የሆነ ሰው ነው፤ በአጋጣሚ አልነካትም።

ክርክሩ እዚህ ሲደርስ ሜዳ ወጥተን መሞከሩ ጠቅሟል። ከአምስት ሜትር ርቀት በእጅ የተወረወረች፣ አየሯ ትንሽ የቀነሰ ኳስ ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ከአራትና ከአምስት በላይ አያስፈልግም። በፀጉር መስመርና በቅንድብ መካከል፣ አንገትን አጠንክረህ፣ ዓይንህን ሳትጨፍን ስትገጭ ኳሷ ቀጥ ትላለች። ከፍ ብላ ራስህን ስትነካ ትነሳለች። በጎን ለመዳሰስ ግን ጭንቅላትህን ማወዛወዝ አይፈቀድልህም፣ ካወዛወዝክ ታመልጥሃለች። ከዘጠኙ በትክክል የዳሰሳት አንድ ብቻ ነው፤ ለስሚዝ አንድ የሰጠው ልጅ ወረቀቱን መልሶ ጠየቀ። ልጆችን ግን በዚህ ሙከራ አታስገቡ፤ እንግሊዞችም በ2020 የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ዕድሜ ላሉ ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ አይኑር ብለዋል።

ሌሎቹ ቶሎ አለፉ። ሊኒጋን በ1993ቱ የኤፍ ኤ ካፕ የድጋሚ ፍጻሜ ሸፊልድ ዌንስደይ ላይ፣ በዚያው ጨዋታ በማርክ ብራይት ክርን አፍንጫው ተሰብሮ፣ በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ የመርሰንን ኮርና ገጭቶ አገባ። ለጀግንነት ዓምድ ስለሌለን ዝላዩ አራት አገኘ፣ ተጨበጨበለት። ሬይ ኬኔዲ በ1971 በ19 ዓመቱ ቶተንሃም ሜዳ ላይ አርሴናል ሊጉን የወሰደበት ቴስታ ቪዲዮው ደብዛዛ ስለሆነ አካሄዱን መመዘን አልተቻለም፤ ባዶ ተውነው። ባዶ ዜሮ አይደለም። አማካዩን በተሞሉት ዓምዶች ብቻ ማስላት ያስፈልጋል፣ አለዚያ የድሮ ሰው ሁሉ ይወድቃል። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም ዋንጫ ስለወሰደበት ቡድን ተመሳሳይ ክርክር የሚያስብ ሰው ይህን ችግር ከመጀመሪያው ያስብበት።

ኦንሪን "ቴስታ አይችልም" ብሎ የሚሰርዝ አለ፤ በጃንዋሪ 2007 ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ በባከነ ሰዓት ኢቡዬ ያሻማለትን ገጭቶ 2 ለ 1 ያሸነፈበትን አሳየሁት። አንድ ጎል ግን ሰውን ገጪ አያደርገውም፤ ሰባት ነጥብ ይዞ ቀረ። ራምሴም እንዲሁ፤ በ2017 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ቼልሲ ላይ ያገባው ዥሩ ተቀይሮ እንደገባ ያሻማለትን ነው፣ አካሄዱ ላይ አምስት ሞላ፣ ሌላው ላይ ቀነሰ።

የተከላካዩ የጋብሬል ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳካ በግራ እግሩ ከቀኝ፣ ራይስ በቀኝ እግሩ ከግራ ወደ ጎሉ የምትታጠፍ ኮርና ይልካሉ፣ ቤን ዋይት በረኛው ፊት ቆሞ መንገድ ይዘጋል፣ የቆመ ኳስ አሠልጣኙ ኒኮላስ ዦቨር ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ይህን ሁሉ ያቀናጃል። ታዲያ ነጥቡ የማን ነው? ያደረግኩት ይህ ነው፤ ሴፕቴምበር 2024 ቶተንሃም ላይ ያገባውን አውጥቼ ኳሷን በወረቀት ሸፈንኩና ጋብሬልንና ጠባቂውን የቶተንሃሙን ሮሜሮን ብቻ እንዲያዩ አደረግኩ። ከኋላ ተነስቶ፣ ጠባቂውን በትከሻ ገፍቶ ቀድሞ የሚደርሰው ራሱ ነው። ኳስ ሳይታይ አካሄዱ የሚያምር ሰው የአሻጋሪው ዕዳ የለበትም።

ድምሩ አዳምስን አንደኛ አደረገ፣ በማጽዳት ዓምድ። በጎል ብቻ ቢሆን ኤፕሪል 1993 በዌምብሌይ የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ቶተንሃምን 1 ለ 0 ያሸነፈበት ቴስታ ብቻውን አያበቃውም ነበር። ጋብሬል በአንድ ነጥብ ተከትሎታል፣ ከዚያ ስሚዝ፣ ዥሩ፣ ካምቤል። እኔ ስሚዝን ሁለተኛ ባደርገው ደስ ይለኝ ነበር፤ ስምንቱ አልተስማሙም።

ወረቀቱ ያልያዘው ስቲቭ ቦልድን ነው። ኮርና ሲመታ የቅርቡ ቋሚ ጋ ቆሞ ኳሷን በራሱ ወደ ኋላ ያሳልፋታል፣ ሌላ ሰው ያገባል፤ አርሴናል በዚህ ዘዴ ዓመታት ኖሯል። ጎል አይደለም፣ ማጽዳትም አይደለም፣ አካሄዱም ሁለት እርምጃ ነው። ከ20 ስምንት አገኘ፤ ሙሉ ጨዋታ ያየ ሁሉ ስምንት እንዳልሆነ ያውቃል። ለሚቀጥለው ማክሰኞ "ማሳለፍ" የሚል አምስተኛ ዓምድ አስምሬያለሁ፣ ድምሩም ከ25 ይሆናል።