አራስ ልትጠይቅ የመጣችው ጎረቤቴ

ሴት ልጄን በኦፕራሲዮን የወለድኩት ሰኔ 12 ነው። ሳምንት ሳይሞላኝ ግራ ባቴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ሕመሙ ወደ ጭኔ ወጣ። እግሬ አበጠ፣ ቆዳው ተወጠረ፣ ሞቀ። ቀኙ ግን ደህና ነው። እናቴ "ብርድ ገብቶሽ ነው" አለች። እኔም አመንኩ። ቁስሌ እንዳይከፈት ፈርቼ ከአልጋ የምወርደው ሽንት ቤት ስሄድ ብቻ ነበር።

ሰኔ 20 ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቆሜ መጸለይ ስላቃተኝ በጎኔ እንደተኛሁ ለመንኩ። "እመቤቴ፣ የእናትን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ። ይቺ ልጅ ጡቴን ጠብታ ሳትጠግብ አትውሰጂኝ። ምን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው ላኪልኝ።" ለምን "ፈውሺኝ" እንዳላልኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በማግስቱ ማርያም ናት። እናቴ ቅቤ አቅልጣ እግሬን ልታሸኝ ቁጭ አለች። እጇ ባቴን ሲነካ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፣ ነርሷ። ከአዳር ሥራ ወጥታ በዚያው ጎራ ማለቷ ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብላ ገባች። ገንፎ ቀረበላት፤ አልነካችውም። ዓይኗ እግሬ ላይ ቀረ።

"እማማ፣ በማርያም! አይሹት!"

እናቴ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ጎረቤቴ የልብስ ሜትር አስመጥታ ሁለቱንም ባቶቼን ለካች። ግራው በ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። "ትንፋሽ ያጥርሻል? ደረትሽን ይወጋሻል? ስታስዪ ደም አለው?" አለችኝ። የለም አልኩ። "ተመስገን። ተነሺ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

መንገድ ላይ ነው የነገረችኝ። ደም በእግር ጥልቅ ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ይህ አደጋ ከፍ ይላል። ኦፕራሲዮንና ብዙ መተኛት ሲጨመርበት ይብሳል። የረጋው ተቆርሶ ሳንባ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። ማሸቱን የከለከለችው ለዚህ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ምን ታድርግ፣ በፍቅር ነበር ልታሸኝ የተቀመጠችው።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ መሣሪያው ጭኔን እየተጫነ አሳየኝ። ጤነኛ ሥር ሲጫኑት ይተኛል። የእኔ አልተኛም፤ በረጋ ደም ተሞልቷል።

ያን ዕለት ሆዴ ላይ የደም ማቅጠኛ መርፌ ተወጋሁ፤ በየ12 ሰዓቱ። ዋርፋሪን የሚባል ኪኒንም አብሮ ተጀመረ። ኪኒኑ ቢያንስ ለ3 ወር ነው ተባልኩ። መድኃኒቱ የረጋውን አያሟሟም። እንዳይጨምር ይይዘዋል፣ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ሰውነትን እንዲህ አድርጎ የፈጠረ አምላክ ይመስገን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። "ማጥባት እችላለሁ?" አልኩት። "አጥቢ፣ ልጅሽን አይጎዳትም" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። የሌሊቱ ልመናዬ ይኸው ነበራ።

"ጸበል ይበቃሻል፣ መርፌውን ተዪው" ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። ጸበሉንም ጠጣሁ፣ መርፌውንም ተወጋሁ። እመቤቴ የላከችልኝን ሰው እንዴት እመልሳለሁ?

ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ አይኤንአር የሚሉት የደም ምርመራ አለ፤ ዋርፋሪን ለምወስደው ለእኔ ውጤቱ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በፍልሰታ ቤቱ ጎመን በጎመን ሆነና የእኔ ከ2 በታች ወረደ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ያደክመዋል። "ጎመን አትተዪ፣ መጠኑን ግን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አታድርጊው" ተባልኩ። እንደዚያ ሳደርግ ተስተካከለ።

ጳጉሜን 1 ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። የክርስትና እናቷ ያቺው ጎረቤቴ ናት። እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ አስቀደስኩ። ማታ ድግሱ መሀል ሰዓቷን አየት አድርጋ "ኪኒንሽ ደርሷል" አለችኝ። በውኃ ዋጥኩት። ከዚያ ልጄን ከእቅፏ ተቀብዬ አጠባኋት።