ልዩ ፍላጎት ልማር ወይ ለምትሉኝ

ሳይኮሎጂ እማራለሁ ስትሉ ሰው ወዲያው «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይላችኋል። ልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ ማለትም ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ማስተማር፣ እማራለሁ ስትሉ ደግሞ ከንፈር ይመጥጥላችኋል። «በርቺ፣ የጽድቅ ሥራ ነው።» ሁለቱንም ስለተማርኩ ሁለቱንም ጠግቤያለሁ። ለመጀመሪያው መልስ አለኝ፤ «ስለ ምሳ» እላለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነኝ። ሁለተኛው ግን ያናድደኛል። የጽድቅ ሥራ ከሆነ ደግ ሰው ሁሉ ይሠራዋል ማለት ነው። አይሠራውም። ደግነቱ ተርፏቸው፣ ለልጁ ሲያዝኑለት ብቻ ውለው ምንም ሳያስተምሩት ወደ ቤቱ የሚሸኙ ሰዎች አይቻለሁ።

የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ፍሬሽማኖች ይጠይቁኛል። ልማር? ሥራ አለው? ሳይኮሎጂ ይሻላል ወይስ ልዩ ፍላጎት? በየተራ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ኮርሱ። ስድስት ኪሎም ተማሩት ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ጀነራል ሳይኮሎጂና የልጆች ዕድገት ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ፒያዤ፣ ስኪነር፣ ባንዱራ፣ ቪጎትስኪ። ሀንዳውቱን ፎቶ ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ የልጅ ዕድገት ደረጃዎቹን ትሸመድዳላችሁ፣ ፈተና ላይ ትዘረግፋላችሁ፣ ከዚያ ይረሳል። እውነቱን ለመናገር የፒያዤ ደረጃዎች ክፍል ውስጥ ብዙም አልጠቀሙኝም። የቆዩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንዱ ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢኔ ነው። ዛሬ ሁሉም አፉ ላይ ያደረገው አይኪው የሚባለው የማሰብ ችሎታ መለኪያ መነሻው እሱ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከሲሞን ጋር ፈተናውን ያዘጋጀው የፈረንሳይ መንግሥት ጠይቆት ነው። ጥያቄው የትኞቹ ልጆች በመደበኛው ትምህርት እንደማይሳካላቸውና ልዩ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ለመለየት ነበር። ልጅን በቁጥር አትሞ ለማስቀመጥ አልነበረም፤ እንዲያውም ቢኔ ራሱ የልጅ አእምሮ የማይለወጥ ነው የሚሉትን ይቃወም ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ግን ፈተናው ሌሎች እጅ ገብቶ ሰው መደርደሪያና ማስወጪያ ሆነ። እኛም ጋ «ይሄ ልጅ አይማርም» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወላጅ አለ። ልጁ የተፈተነበትን ሥዕል ስታዩት፣ ሥዕሉ ላይ ያለውን ዕቃ በሕይወቱ አይቶት አያውቅም።

ሌላው ቪጎትስኪ ነው። ሰውዬው በ37 ዓመቱ፣ በ1934 እ.ኤ.አ. በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። እስከዚያ ድረስ ግን ጉዳት ስላለባቸው ልጆች ብዙ ጽፏል። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ላስቀምጠው። ዓይነ ስውርነት አንድ ነገር ነው። ዓይነ ስውር ስለሆነ ጓዳ ተቀምጦ፣ ከልጅ ሳይጫወት፣ ገበያ ሳይላክ፣ «አንተ ተወው» እየተባለ በማደጉ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ያልኩትን መምህር ሊለውጠው አይችልም። ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ሥራ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዤ ብወጣ አይቆጨኝም ነበር።

ሁለቱን ትምህርት ጎን ለጎን ስትማሩ ደግሞ ይጣላሉ። ሳይኮሎጂው ልጁን ያያል፦ ምን ጎደለው? ትኩረቱ ነው? ቋንቋው ነው? ማስታወሱ ነው? መምህርነቱ ትምህርቱን ያያል፦ እንዴት አቀረብሽው? ከየት ጀመርሽ? አጥንተው ለሚመርጡ ሰዎች የምነግራቸው እዚህ ላይ ነው። ሳይኮሎጂውን ብቻ ከወደዳችሁት ሳይኮሎጂ ተማሩ፤ ምክር አገልግሎት፣ ሆስፒታል፣ ድርጅት ብዙ በር አለው። ክፍል ውስጥ ግን ጥያቄውን ከልጁ ላይ አንስታችሁ ራሳችሁ ላይ ማዞር የማትችሉ ከሆነ አትቆዩበትም።

ምሳሌ ልስጥ። የጽሑፍ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ደብተሩን የሚቀድ ልጅ ነበረኝ። ሁሉም «ባለጌ ነው» ይለዋል። ሲቀድ ወደ ውጭ ይባረራል። የባሕሪ ትምህርት ላይ የተማርነው ሦስት ነገር ጻፉ ይላል፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብዬ ጻፍኩት። በፊት፦ ከሰሌዳ ገልብጡ ተባለ። ድርጊት፦ ቀደደ። በኋላ፦ ሜዳ ላይ በፀሐይ ተቀመጠ። እኔም ብሆን እቀድ ነበር! ቅጣት መስሎን ሽልማት ነበር ስንሰጠው የከረምነው። መገልበጡን አሳጥረን ሁለት ቃል ብቻ አደረግነው፣ ሲደክመው እጁን አውጥቶ «እረፍት» እንዲል አስተማርነው። ደብተሩ ተረፈ ማለት አይደለም፣ አልፎ አልፎ ይቀድ ነበር። ግን አብዛኛውን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነው።

ሌላው የምወደው ነገር ሥራን መበታተን ነው። የዩኒፎርም ቁልፍ መቆለፍ ለእናንተ አንድ ሥራ ነው አይደል? ቁጠሩት። ቁልፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መያዝ፣ በሌላው እጅ ቀዳዳውን መክፈት፣ የቁልፉን ጫፍ ማስገባት፣ እጅ መቀየር፣ መሳብ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ይወድቅና ያለቅሳል፣ እናት ደግሞ ትምህርት ቤት ረፈደ ብላ ራሷ ትቆልፍለታለች። ዘዴው ከመጨረሻው መጀመር ነው። ሁሉንም እናንተ ትሠሩና ቁልፉ በግማሽ ወጥቶ ሲቀር «ሳበው» ትሉታላችሁ። ይስባል። ቆለፈ! ቀጥሎ ከመጨረሻው ሁለት እርምጃ ለሱ ትተዋላችሁ። በዚህ ዘዴ ልጁ በየቀኑ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ነው። ሹራብ መልበስም፣ እጅ መታጠብም፣ ጫማ ማሰርም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሳምንት ይወስዳል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ለምን እንደሚያብድ ይገባኛል።

ፊደል ላይ ግን ሀንዳውቱ ከእኛ ይርቃል። የማንበብ ችግርን በተመለከተ ያነበብነው ሁሉ እንግሊዝኛ ላይ የተሠራ ነው፤ ልጁ «b» እና «d»ን ይገለብጣል ይላል። የኛ ልጅ የሚቸገረው ሌላ ቦታ ነው። ቡ፣ ቢ፣ ቤ። ሰረዟ ወገቡ ላይ ናት ወይስ እግሩ ላይ? ወይስ ቀለበት ሆነች? በዚያ ላይ ለ እና ሰ፣ ነ እና ኘ፣ ጠ እና ጨ። ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ነው ሕፃኑ ፊት የምንዘረግፈው፣ ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ በዜማ እያስጮህን። ዜማውን በቃሉ ያወጣዋል፤ ገበታው ላይ «ሚ» የቷ ናት ስትሉት ከ«መ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። እኔ ቅጥያዎቹን በተለየ ቀለም እጽፋቸዋለሁ፣ ልጁ በቆርኪ ይሠራቸዋል። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቡ። ከሱቅ በነፃ ይገኛል፣ ለቁጥርም ለፊደልም ይሆናል። የማስተማሪያ መሣሪያ በጀት የሚባል ነገር እስኪመጣ ብትጠብቁ ልጆቹ ያድጋሉ።

ብሬል (ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡት የነጥብ ጽሑፍ) እና የምልክት ቋንቋ ኮርስ ሲመጣ ዝም ብላችሁ ለውጤት አትውሰዱት። ብሬል በስሌት (ቀዳዳ ባለው መጻፊያ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በመውጊያው) ስትጽፉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምትወጉት፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቡ ወጥቶ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አማርኛው ደግሞ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይቶ ስለሚጻፍ የምታውቁትን ፊደል እንደገና መፍታት አለባችሁ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል በሌላ በኩል በጣም ያምራል። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይቀያየራል። ገበታውን እጃችሁ ላይ እንደ መጫወት ነው። ግን ጣት ፊደል ማወቅ ቋንቋውን ማወቅ አይደለም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር ሻይ ካልጠጣችሁ፣ ካልቀለዳችሁ፣ ኤ አምጥታችሁም መግባባት ያቅታችኋል።

ፖሊሲውን ፈተና ላይ ታገኙታላችሁ፣ እዚህ አላሰለቻችሁም። ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የወጣው ዓለም አቀፉ የሳላማንካ መግለጫም የኛው የቀድሞው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የወጡት በአንድ ዓመት፣ በ1986 ዓ.ም. ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ሁሉ አካቶ ይላል፤ ልጁ ከሰፈር እኩዮቹ ጋር ይማር ማለት ነው። በሐሳቡ እስማማለሁ። ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማንም ሳያየው ሰባት ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት መላክ ግን አካቶ አይደለም፣ ስሙ እንኳን ሊገኝለት አይገባም። ሰበታ እንዳለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ያሉት ስንት ምሁር አፍርተዋል፤ «ልዩ ትምህርት ቤት ይዘጋ» የሚለውን ክርክር ስሰማ መጀመሪያ በየሰፈሩ ብሬል የሚያነብ መምህር አሳዩኝ እላለሁ።

ወላጆች። ይህን ማንም በኮርስ አያስተምራችሁም። በአገራችን ስለ ኦቲዝም አደባባይ ወጥቶ መነገር የጀመረው በወላጅ ነው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እናንተ ጋ የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ልጃቸውን ከጎረቤት ደብቀው የኖሩ ናቸው። አንዷ እናት ገና ሳትቀመጥ «ቲቸር፣ ይናገራል?» አለችኝ። አዎ ብትሏት ውሸት ሊሆን ይችላል። አይ ማለትም አታውቁም። «እማዬ፣ አሁን ውኃ ሲፈልግ እንዴት ይነግርሻል?» አልኳት። እጄን ይዞ ወደ ጆጉ ይወስደኛል አለች። በቃ፣ ከዚያ ጀመርን። ካርቶን ላይ የጆግ ሥዕል ለጠፍን፣ ሲፈልግ እንዲያነሳ።

ጸበል የሚሄዱትንም አትቆጡ። እኔ አልቆጣም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ። ጠዋት ጸበል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ማታ ኪኒን። አክብራችሁ ስትነግሯቸው ይሰማሉ።

ሥራ አለው ወይ? አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ ክፍል አላቸው፣ የድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ የግል ማዕከላትም እየበዙ ነው። ደመወዙ የመምህር ደመወዝ ነው፣ ከዚህ በላይ አልጨምርም፤ የቤት ኪራይ የምትከፍሉ ሰዎች ስለሆናችሁ ሒሳቡን ታውቁታላችሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቤት ለቤት የሚያስጠኑ አሉ፣ እሱ ይደጉማል።

ለማንኛውም ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ልዩ ክፍል ገብታችሁ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱ፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ አትነሡ፣ ከረሜላ ይዛችሁ አትሂዱ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹም መምህራኑም ይደክማቸዋል፣ ምንም አታዩም።