ከእኔ ጋር የተሳፈሩት ፈላስፎች

በቡድን የሚደረግ ጉብኝት ሁሉ የማይቀርለት አንድ ሥነ ሥርዓት አለ። አስጎብኚው ድምፅ ማጉያውን ይይዝና «እስቲ እንተዋወቅ» ይላል። የመጀመሪያው ሰው ስሙንና ሥራውን ይናገራል። ቀጣዩ የፊተኛውን ዓረፍተ ነገር ተውሶ ስሙንና ሥራውን ብቻ ይቀይርበታል። ጥቂት ሰው ካለፈ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። ሁሉም ንግግሩን የሚዘጋው «ጉዞ እወዳለሁ» ብሎ ነው። ጉዞ ባይወድ ሻንጣ ተሸክሞ እዚያ ምን ሊሠራ መጣ?

እኔ በዚህ ነገር የቆየ ቅሬታ አለኝ። ሰው ለዕረፍት ሲወጣ ከሁሉ አስቀድሞ ጥሎት የሚመጣው ሥራውን ነው። ታዲያ ሸሽቼው በመጣሁት ነገር ስለ ምን እተዋወቃለሁ? «ኦዲተር ነኝ» ብል ስለ እኔ ምን የሚረዳ ሰው አለ? ይልቁንስ ደረሰኝ የጠፋበት ሁሉ ወንበር ይቀይራል። አብሮኝ የሚሰነብት ሰው ምን እንደማስብና ልቤ ለምን መንገድ መንገድ እንደሚል ቢያውቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ስለዚህ ለዚህኛው ጉዞ በሚገባ ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ጥንት ፈላስፎችና ስለ ጉዟቸው ሳነብ ከርሜ፣ ራሴን በእነርሱ በኩል ለማስተዋወቅ ቆርጬ ተነሣሁ።

ጉዞው በመርከብ እንደሆነ አውቅ ነበር። የጥንት ፈላስፎችም በመርከብ ይጓዙ እንደነበር አውቅ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ ግን አንድም መጽሐፍ አላስጠነቀቀኝም።

ወደቡ ከኋላችን እየራቀ ሳለ አስጎብኚያችን፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት፣ ለእያንዳንዳችን አንድ ደቂቃ ፈቅዶ መተዋወቁን ጀመረ። አንድ የጥርስ ሐኪም ተናገረ። አዲስ ተጋቢዎች እየተሽኮረመሙ ተናገሩ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ስማቸውን ብቻ ተናግረው ተቀመጡ፤ ከሁሉም ያማረ ንግግር የእርሳቸው ነበር ማለት ይቻላል። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ ግዙፍ ሰው አፉን በዳቦ ሞልቶ ስለነበር ስሙን ማንም አልሰማም፤ ጉዞ እንደሚወድ ግን በእጁ ምልክት አስረዳ።

ተራዬ ደረሰ።

«እኔ የዓለም ዜጋ ነኝ» አልኩ።

አስጎብኚው የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ገለጥ አድርጎ ተመለከተና «እዚህ ላይ እንዲህ አይልም» አለ።

ንግግሩ የዲዮጋን መሆኑን አስረዳሁት። ከ2300 ዓመታት በፊት የኖረው ይህ ግሪካዊ «ከየት ነህ?» ሲሉት የሰጠው መልስ እንደሆነ፣ እኔም ወደ አገር ሁሉ የምሄደው እንግዳ ሆኜ ሳይሆን ወደ ቤቴ እንደሚገባ ሰው መሆኑን ተናገርኩ። ሙሽሪት አጨበጨበች። እንዲህ ያለ አጀማመር ለማንም ተናጋሪ ይበቃው ነበር፤ እናትየው ባይጠይቁኝ ኖሮ እኔም እዚያው ላይ እቆም ነበር።

«ይህ ዲዮጋን የምትለው ሰው እርሱም እንደ እኛ መንገደኛ ነበር፣ ልጄ?»

«እንዴታ! አንድ ጊዜ በመርከብ ወደ ኤጂና ደሴት ሲሄድ...» አልኩና ቆምኩ።

«ሲሄድ ምን ሆነ?»

«የባሕር ወንበዴዎች ያዙት።»

መርከቧ ላይ ጸጥታ ወረደ። እኔ ግን ታሪክን መሀል ላይ የሚተው ሰው አይደለሁም። ወንበዴዎቹ ቀርጤስ ላይ ለጨረታ እንዳቀረቡት፣ ምን ሙያ እንዳለው ሲጠየቅ «ሰዎችን ማስተዳደር» ብሎ እንደመለሰ፣ ከገበያተኛው መካከል ዜኒያዲስ የሚባለውን የቆሮንቶስ ሰው በጣቱ አሳይቶ «ለእርሱ ሽጡኝ፤ ጌታ ያስፈልገዋል» እንዳለ በድምቀት ተረክሁላቸው። ጥቂቶች ሳቁ። ሙሽሪት ግን «በዚህ ባሕር ላይ ወንበዴ አለ?» ብላ አስጎብኚውን ጠየቀችው፤ ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳሳ አየሁ።

ነገሩን ለማቅለል ብዬ ወደ ፕላቶን ተሻገርኩ። እርሱን የማያከብር የለም። በአርባ ዓመቱ ገደማ ወደ ሲሲሊ ተጉዞ የሰራኩስን አምባገነን ፍትሕ ሊያስተምር እንደሞከረ ነገርኳቸው።

«ተማረ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«አልተማረም። እንደሚተረከው ከሆነ ፕላቶንን ለመልእክተኛ አስረከበው፤ መልእክተኛውም ኤጂና ላይ ሸጠው።»

«አሁንም ኤጂና!» አለ ሐኪሙ ወደ አስጎብኚው ዞሮ። «ይህች ደሴት በመንገዳችን ላይ ናት?»

አይደለችም፤ አስጎብኚው ካርታ ዘርግቶ ማሳየት ነበረበት። እኔም ፕላቶን ምናን በሚባለው የጥንት ግሪክ ገንዘብ በሃያ ተዋጅቶ ነፃ እንደወጣ፣ ይባስ ብሎም ወደዚያችው ወደ ሰራኩስ ሁለት ጊዜ ተመልሶ እንደሄደ ጨመርኩ። የጉዞ ፍቅር ማለት ይህ ነው አልኳቸው። ማንም አልተስማማኝም።

የተሰጠኝ አንድ ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል። ሆኖም ሰዎቹን በዚያ ሁኔታ ጥሎ መቀመጥ ጨዋነት መስሎ አልታየኝም። በደስታ የሚያልቅ ታሪክ ያስፈልጋቸዋል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወደውን ይዤ ነበር። ዜኖን የቆጵሮስ ነጋዴ ነበር። ከፊንቄ ውድ የሐምራዊ ቀለም ጭኖ ወደ አቴና ሲያመራ መርከቡ ወደቡ አጠገብ ተሰበረች። ንብረቱን አጥቶ ከተማ ገባና አንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተቀመጠ። ስለ ሶቅራጥስ ሲነበብ ሰማ። «እንዲህ ያሉ ሰዎች የት ይገኛሉ?» ሲል ጠየቀ። በዚያች ቅጽበት ፈላስፋው ክራቲስ በበሩ ያልፍ ነበርና ሻጩ «ያን ሰው ተከተለው» አለው። ተከተለው። የስቶይኮች የፍልስፍና ትምህርት የተመሠረተው እንዲህ ነው። በኋላም ዜኖን «መልካም ጉዞ የተጓዝኩት መርከቤ በተሰበረች ጊዜ ነው» ይል ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ስለ ጉዞ የተነገረ ነገር ካለ አላውቅም። ጭብጨባ ጠበቅኩ።

«ሌሎቹ ተሳፋሪዎችስ?» አለ ሙሽራው።

«የትኞቹ?»

«አብረውት የነበሩት!»

ስለ እነርሱ የተጻፈ አላገኘሁም፤ ፍልስፍና አልጀመሩም መሰለኝ። ይህንኑ ነገርኩት። ሙሽራው ተነሥቶ ከወንበሩ ሥር ሕይወት አድን ጃኬት ሲያወጣ አየሁት። ለሙሽሪትም አወጣላት። ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ማዛጋት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነገር ነበር፤ ጥቂት ሳይቆይ ጃኬት ያልለበስነው እኔና ዳቦ የሚበላው ሰውዬ ብቻ ቀረን።

የእናትየው የልጅ ልጅ፣ ዓይኖቿ የማያርፉ ልጅ፣ ጃኬቷ አገጯ ድረስ ደርሶ ሳለ «እኛና ባሕሩ መካከል ምን አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አናካርሲስ ከጠየቀው ጋር አንድ ዓይነት ስለነበር ልቤ በደስታ ዘለለ። አናካርሲስ ከእስኩቴስ ምድር ተነሥቶ ግሪክን ያየ ጠቢብ ነው። የመርከብ ሳንቃ ውፍረቱ አራት ጣት መሆኑን ሲነግሩት «እንግዲያው ተሳፋሪው ከሞት የሚርቀው በአራት ጣት ነው» አለ። ልጅቷ አራት ጣቶቿን አጋጥማ ግድግዳው ላይ ለካች።

በአጠገባችን የሚያልፍ አንድ መርከበኛ ነገሩን ሰምቶ ሊያረጋጋን ገባ። «አይዟችሁ፣ ያ የጥንት ነው። የእኛ እንጨት አይደለም፣ ብረት ነው።»

«ስንት ጣት ነው?» አለች ልጅቷ።

መርከበኛው አሰበ። ሐቀኛ ሰው ነበር። «አንድ ጣትም አይሞላ» አለ።

ከዚህ በኋላ ድምፅ ማጉያውን ለመቀበል አስጎብኚው እጁን ዘረጋ። እርግጥ ነው፣ ለዚህኛው ድንጋጤ ተጠያቂው መርከበኛው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ሆኖም ሁሉም ያየው ወደ እኔ ነው። እናትየው ብቻ በለሆሳስ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ከእነዚህ ሰዎች መካከል በሰላም ሄዶ በሰላም የተመለሰ የለም?»

ጥያቄው አስጨነቀኝ። ፕሮታጎራስ በጭንቅላቴ መጣ፤ እርሱ እንኳን ባሕር ላይ ሰጥሞ እንደሞተ ይነገራል። ዴካርት መጣ፤ ወጣት ሳለ የተሳፈረባት ጀልባ መርከበኞች ገድለው ሊዘርፉት ሲመካከሩ ቋንቋቸውን ያውቅ ነበርና ሰይፍ መዝዞ ነው የተረፈው። በኋላ ደግሞ የስዊድን ንግሥት ክርስቲና በማለዳ እንዲያስተምራት ስቶክሆልም ድረስ አስጠርታው እ.ኤ.አ. በ1650 እዚያው ሞተ። በመጨረሻ አንድ አገኘሁ።

«ካንት አለ» አልኩ።

«የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ኮኒግስበርግ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1804 እዚያው አረፈ። በሕይወቱ ከአካባቢው ርቆ አያውቅም፤ ግን ለአርባ ዓመታት ያህል የዓለምን መልክዓ ምድር አስተምሯል።»

«እርሱ ነው አስተዋዩ» አሉ እናትየው፤ ብዙዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ መርከብ ላይ የጉዞ ፍቅር የመጨረሻውን ደረጃ የነካው በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል።

ነፋሱ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ማዕበል ነው ማለት አልችልም፤ መርከበኞቹ ቀና ብለውም አላዩት። ግን ወለሉ ዘንበል ሲል፣ ሻንጣ ሲንሸራተት፣ ስለ ዜኖን የሰሙ ሰዎች ነገሩን እንደ ተራ ነፋስ ሊቆጥሩት አልቻሉም። ሙሽሪት አለቀሰች። ሐኪሙ የነፍስ አድን ጀልባዎችን ቆጠረ። እኔ በዚያ ሁካታ መካከል ፊት ለፊቴ ስመለከት ግዙፉ ሰውዬ ያለ ምንም ጭንቀት ዳቦውን እየቆረሰ ይጎርሳል። ፍልስፍና በሥጋ ተገልጦ እያየሁ ዝም ማለት ከአቅሜ በላይ ሆነ።

«ተመልከቱት!» ብዬ ጮህኩ። «እንደ አሳማው ሁኑ!»

ማኘኩን አቆመ። «ምን አልክ?»

ግሪካዊው ፈላስፋ ፒሮ መርከብ ላይ ሳለ ማዕበል ተነሥቶ ሰው ሁሉ ሲሸበር ተረጋግቶ ምግቡን የሚበላ አሳማ በጣቱ እንዳሳየ፣ ጠቢብ ሰው እንደዚህ የማይናወጥ መሆን እንዳለበት እንዳስተማረ በፍጥነት አስረዳሁት። በዚህ ዘርፍ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም አልኩት። ሰውዬው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያ ዳቦውን አስቀመጠ። ዳቦውን ማስቀመጡ ነበር ያስፈራኝ። አስጎብኚው በመካከላችን ገባ።

ከጠብ ያዳነኝ ሆዴ ነው። ወለሉ እንደገና ሲዘነብል በድንገት አጥወለወለኝና ወደ መርከቧ አጥር ሮጥኩ። ልጎነበስ ስል ከኋላዬ ኮቴን ጨምድደው የያዙ ሁለት እጆች ተሰሙኝ፤ አንዱ የሐኪሙ፣ ሌላው የሙሽራው። ለካስ ተሳፍረን ሳንነሣ ወደብ ላይ ስንጠብቅ ለሁለቱ ስለ ሴኔካ ነግሬያቸው ኖሯል። ሮማዊው ሴኔካ ከኔፕልስ ወደ ፑቴዮሊ ሲሻገር ባሕሩ ቢያጥወለውለው የመርከቡ መሪ ዳርቻ እስኪደርስለት አልጠበቀም፤ ራሱ ውኃ ውስጥ ዘሎ ገባ።

«አልዘልም!» አልኳቸው።

«ፈላስፋ አይታመንም» አለ ሐኪሙ፤ ኮቴንም አልለቀቀም።

እንደዚያ ተይዤ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ነፋሱ ሲበርድ ሰዎች ጃኬታቸውን እያወለቁ መቀለድ ጀመሩ። ልጅቷ በአራት ጣቷ ያገኘችውን ሁሉ እየለካች ትዞራለች። እኔ አንዱ ጥግ ላይ ፊቴ ገርጥቶ ተቀምጬ ሳለ ግዙፉ ሰውዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወንበሩ አቃሰተ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ዳቦውን ገምሶ ሰጠኝ።

«ያ አሳማ ግን» አለኝ ባሕሩን እያየ፣ «መጨረሻው ምን ሆነ?»

ፒሮ ዘጠና ዓመት ገደማ እንደኖረ ተጽፏል። ስለ አሳማው ዕድሜ የጻፈ የለም። አሳማ በጥንት መርከብ ላይ ለምን እንደሚጫን ግን ለመገመት ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም። ቀና ብዬ አየሁት፤ መልሴን ሲጠብቅ ከልቡ ነበር።

«በሰላም ደረሰ» አልኩት።

«እርሱ እንኳን ይድረስ» አለና ሌላ ዳቦ ከቦርሳው አወጣ።