ማንኮራፋቱ ቆመ

ልጁ 4 ዓመቱ ነው፣ 16 ኪሎ ይመዝናል። የኦፕሬሽን ዝርዝሩ ላይ «ቶንሲልና አድኖይድ፣ በዕለቱ የሚመለስ» ተብሎ ተጽፎለታል (አድኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ ያለ፣ ቶንሲል መሰል እጢ ነው፤ ሁለቱም ይወጣሉ)። የእንቅልፍ ምርመራው ውጤት ካርዱ ውስጥ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር። ትንፋሹ በሰዓት 22 ጊዜ ይቋረጣል ወይም ይደክማል፤ ኦክሲጅኑ እስከ 74 በመቶ ወርዷል። በልጅ ላይ 10 ከደረሰ ከባድ ነው የሚባለው። 10 የደረሰ፣ ኦክሲጅኑ ከ80 በታች የወረደ ወይም 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከዚህ ኦፕሬሽን በኋላ ክትትል ላይ ማደር አለበት። ይሄኛው ሁለቱን አሟልቷል።

ሰርጀኑ ግን አፉን ከፍቶ ያየውን ነው ያመነው። ቶንሲሎቹ በመጠን 3ኛ ደረጃ ነበሩ፣ ትልቁ 4ኛ አይደሉም። «መካከለኛ ነው፣ ከሰዓት ይሄዳል» አለ። የቶንሲል መጠንና የአፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቋረጥ ችግር) ክብደት ብዙ ጊዜ እንደማይገናኙ ለተማሪዎች የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው።

ኦፕሬሽኑ በራሱ እንከን አልነበረውም። ደሙ ትንሽ ነበር፤ ከላንቃው ጀርባ የተጠራቀመውም ቱቦው ከመውጣቱ በፊት በደንብ ተመጠጠ። (እዚያ የተረሳ የረጋ ደም ቱቦው ሲወጣ ወርዶ ትንፋሽ ይዘጋል፤ አንድ ጊዜ ያየ አይረሳውም።) ለእብጠት ዴክሳሜታዞን 8 ሚሊግራም፣ ለሕመም ፓራሲታሞል 240 ሚሊግራምና ፈንታኒል 16 ማይክሮግራም ተሰጠው።

ስህተቱ ሪከቨሪ (ከኦፕሬሽን በኋላ የሚነቃበት ክፍል) ውስጥ ባለው ቅጽ መጣ። ቅጹ ለማንኛውም ልጅ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ሞርፊን፣ ማለትም ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፣ ይላል፤ ልጁ ሲያለቅስ ሬዚደንቱ (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም) አባዝቶ 1.6 ሰጠው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ልጁ ነው ልክ ያልሆነው። ሌሊት ሌሊት ኦክሲጅን ሲያጣ የኖረ ልጅ ለእንዲህ ዓይነት መድኃኒት ከሌላው ይልቅ ስስ ስለሆነ መጠኑ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ያም በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚሰጠው።

ልጁ ዝም አለ። ሬዚደንቱ ስክሪኑን አየ፦ 98 በመቶ። ፈገግ አለና «ሲስተር፣ ማንኮራፋቱ ቆመ እኮ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠራለት» አለ።

ሲስተር ስክሪኑን አላየችም። ብርድ ልብሱን ገልጣ ደረቱን ትመለከት ነበር። ሆዱ ሲነሳ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጭምብሉ ውስጥ የትንፋሽ ጉም የለም። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች፤ 7 ሙከራ።

«ዶክተር፣ ማንኮራፋት አየር ሲያልፍ የሚወጣ ድምፅ ነው። አየሩ የታለ?»

መንጋጋውን በሁለት እጇ ወደ ፊት ገፋች። ወዲያው እንደ አሮጌ ሞተር ማንኮራፋት ጀመረ። ወደ ጎን አስተኛችውና የሞርፊንን ሥራ የሚሽረውን ናሎክሶን አዘዙ፤ 0.4 ሚሊግራሙ በ10 ሚሊሊትር ተበጥብጦ 0.4 ሚሊሊትር፣ ማለትም 16 ማይክሮግራም ተሰጠው። ከሁለተኛው መጠን በኋላ ትንፋሹ በደቂቃ 18 ሆነ። 98 ያለው ስክሪን አልዋሸም፤ ጭምብሉ በደቂቃ 6 ሊትር ኦክሲጅን ይሰጥ ነበር። ኦክሲጅን እየተሰጠ ትንፋሽ ሲደክም ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ አይወርድም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው በስውር የሚከማቸው። ማሽኑ ያንን አይለካም።

ሰርጀኑ ተጠርቶ መጣ። ቅር ብሎታል። «ቶንሲሉን አውጥቼዋለሁ፤ ምን ያፍነዋል?» አለ። እብጠቱ፣ ደም የቀላቀለው ምራቅ፣ መድኃኒት ያላላው የጉሮሮ ጡንቻ ተዘረዘረለት። እሱ ግን በ2013 የታተመውን፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 464 ልጆች የተሳተፉበትን ጥናት አነሳ፤ ኦፕሬሽን ከተደረገላቸው 79 በመቶው፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት 46 በመቶው የእንቅልፍ ምርመራቸው ጤናማ ሆኗል።

«ትክክል ነው» አለ አነስቴዢያ የሰጠው ባልደረባችን፣ «የተለካው ግን ከ7 ወር በኋላ ነው። እኛ ገና 40 ደቂቃችን ነው። ደግሞ ኦክሲጅናቸው ረዘም ላለ ጊዜ የሚወርድ ልጆች እዚያ ውስጥ አልገቡም።»

ሰርጀኑ ዝም ብሎ ካርዱን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠ። ረጅም ጊዜ አነበበው፤ ከአንድ ገጽ ንባብ በላይ ረዘመ። ከዚያ «በዕለቱ የሚመለስ» የሚለውን ሰርዞ «ያድራል» ብሎ ጻፈ። ናሎክሶን ከሞርፊን ቀድሞ ስለሚያልቅ ልጁ ድጋሚ ሊያንቀላፋ ይችል ነበርና ሌላ ምርጫም አልነበረውም።

አሁን ቅጹ ተቀይሯል። የአፕኒያ ልጅ በሌላ ቀለም ወረቀት ነው የሚመጣው፤ የሞርፊኑ መስመር ባዶ ነው፣ ለቤት ደግሞ ሞርፊን መሰሉ ኮዴይን አይታዘዝም፣ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ብቻ። ሌሊት በተደጋጋሚ የሚውጥ ልጅ ደም እየዋጠ ሊሆን ስለሚችል አፉ በባትሪ ይታይ የሚልም ተጨምሯል። ሰርጀኑ በጉብኝት ላይ «ዝም ያለ ልጅ አትመኑ፣ ሁልጊዜ የምላችሁ ነው» ሲል ሲስተር አንገቷን ደፍታ ካርድ ትጽፋለች።

በተረኝነቷ ሌሊት ሰርጀኑ ስልክ ይደውልላታል።

«ያንኮራፋል?»

«አዎ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»